ፋኑ ይዞራል፣ መኪናው ግን ሲቆም ይሞቃል፤ የፋኑን ሞተር ልቀይረው?

ኮሮላ 90

ሰላም ለሁላችሁ።

የ1990 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ሞተሩ 1.6 ነው፣ ማርሹ የእጅ። ከአባቴ የደረሰኝ ስለሆነ በቀላሉ የምተወው መኪና አይደለም። ዘይቱን በሰዓቱ እቀይራለሁ። ካንዴላ ራሴ እፈታለሁ። የፍሬን ሸራም ቀይሬ አውቃለሁ። ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን እፈራለሁ።

ችግሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን የሙቀት ጌጁ ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ንቅንቅ አይልም። ትራፊክ ውስጥ ገብቼ ስቆም ቀስ እያለ ይወጣል። ኤሲ ከከፈትኩ ደግሞ ይብሳል። እንደገና መንዳት ስጀምር ይወርዳል።

ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። ፋኑ ይዞራል። ድምፁ ግን አላማረኝም፣ ሲነሳ ሲጢጥ ይላል። አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም። ያኔ የፋኑን ሞተር በካቻቢቴ እጀታ ነካ ነካ ሳደርገው ይነሳል።

ውሃው አይጎድልም። ቱቦዎቹ አይንጠባጠቡም። ነጭ ጭስ የለም፣ የዘይት ክዳኑ ላይም እንደ ወተት ያለ ነገር አላየሁም።

አንድ ጋራዥ ወስጄው ነበር። ምንም ሳይለኩ «ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ክዳን) እናውጣውና ይገላገላል» አሉኝ። አልተዋጠልኝም፣ ይዤው ወጣሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ፋኑን በማብሪያ ከባትሪ ጋር በቀጥታ አገናኘው ይለኛል።

የፋኑ ሞተር ማርጀቱን በምን አረጋግጣለሁ? ካረጀስ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የድሮ መካኒክ

ወንድሜ፣ ዋናውን ምልክት ራስህ በደንብ ጽፈኸዋል። ሲነዳ ይበርዳል፣ ሲቆም ይሞቃል። ይህ የፋን ነገር ነው። በሰዓት ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ ከፊት የሚገባው ነፋስ ብቻውን ራዲያተሩን ያበርደዋል። ስትቆም ነፋሱ ይቀርና ሥራው ሁሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። ነገሩ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ሲቆም ደህና ሆኖ በፍጥነት ሲነዳ ቢሞቅ፣ ስለ ፋን ባላወራንም ነበር። የተደፈነ ራዲያተር፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ እንፈልግ ነበር።

ነካ ሲደረግ መነሳቱ ደግሞ ካርቦኑ ማለቁን ይናገራል። በፋኑ ሞተር ውስጥ ትናንሽ ካርቦኖች አሉ። ስፕሪንግ ከኋላ ይገፋቸዋል፣ የሚሽከረከረውን መዳብ ይነካሉ፣ ኤሌክትሪኩም በእነሱ በኩል ይገባል። ከዓመት ዓመት እየተፋቁ ያጥራሉ። በጣም ሲያጥሩ ስፕሪንጉ በደንብ አይገፋቸውም። ያኔ ሞተሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ሲቆም ግንኙነቱ ይጠፋል። መታ ስታደርገው ይነቃነቅና መልሶ ይገናኛል። ሲጢጥታው ከዘንጉ መቀመጫ ነው፤ ቡሹ ወይም ኩሽኔታው ደርቋል ወይም ተበልቷል።

ጋራዥ ውስጥ በኖርኩበት ዘመን በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነበር። ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ፋኑ ሲዞር ያይና «ፋኑ ደህና ነው» ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል። ፋን መዞሩ ምንም አይናገርም። የሚናገረው በስንት ፍጥነት መዞሩ ነው። ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ከወረደ የሚስበው አየርም በአንድ ሦስተኛ ይወርዳል። በዓይን ግን ሁለቱም ያው ብዥ ያለ ክብ ናቸው። በዚህ የተነሳ ፓምፕ የተቀየረላቸው፣ ራዲያተር የተቀየረላቸው፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ሳይቀር የወረደላቸው መኪኖች አውቃለሁ። ፋኑ ግን እንደደከመ ቀርቷል። ስለዚህ አንተም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ለካ።

መጀመሪያ በእጅ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ የፋኑን ሶኬት ንቀለው። ሶኬቱን ሳትነቅል እጅህን አታስገባ። በአንዳንድ መኪኖች ቁልፉ ወጥቶ እንኳ ፋኑ በሙቀት ብቻ ይነሳል፣ ጣት ይወስዳል። አሁን ክንፉን በጣትህ አዙረው። ጤነኛ ከሆነ ያለ ድምፅ ዞር ዞር ብሎ ቀስ ብሎ ይቆማል። ወዲያው ቀጥ ካለ ወይም ካፋጨ መቀመጫው ተበልቷል። ከዚያ ክንፉን ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንም ነቅንቀው። ዘንጉ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ያ ሞተር ዕድሜውን ጨርሷል።

ሁለተኛ፣ የሙቀት ማብሪያውን ፈትሽ። በዚያ ዘመን ኮሮላ ላይ ማብሪያው ውሃው ሲቀዘቅዝ የተዘጋ ነው፣ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ይከፈታል፣ ወደ 83 ሲወርድ መልሶ ይዘጋል። ሲከፈት ነው ሪሌዩ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራው ዕቃ) ፋኑን የሚያስነሳው። ስለዚህ ቁልፉን አብራና የማብሪያውን ሶኬት ንቀለው፤ ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። እንዲህ የተሠራው በብልሃት ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ ፋኑ ይነሳል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም። ይህን የሚያነብ ሌላ መኪና ያለው ሰው ካለ ግን ይጠንቀቅ። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ተቃራኒ ናቸው። እነሱ ላይ ሶኬቱን ነቅለህ ሁለቱን ጫፎች በቁራጭ ሽቦ ስታገናኝ ነው ፋኑ የሚነሳው።

ፋኑ በተነሳበት ሰዓት አንድ ሉህ ወረቀት ከግሪሉ በኩል ወደ ራዲያተሩ አስጠጋ። ወረቀቱ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ካንገራገረ ወይም ከወደቀ ፋኑ አየር እየሳበ አይደለም።

ስለ ቴርሞስታቱ እምቢ ማለትህ ልክ ነው። ጌጁ ከመሀል ሲያልፍ ቴርሞስታቱ ቀድሞውኑ ተከፍቷል። 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ማውጣቱ ምን ይጨምራል? ምንም። በምላሹ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ይፋቃል። የደከመው ፋን ደግሞ እዚያው እንደደከመ ነው።

ሽቦ ወዳጅ

ጋሼ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር።

ፋኑ በዝግታ ሲዞር ሁልጊዜ ጥፋተኛው ሞተሩ አይደለም። የሚደርሰው ቮልቴጅ አንሶ ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው መኪና ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሶኬቱ ውስጥ ያለው መዳብ ይጠቁራል። የማሳው ቡሎን ሥር፣ ማለትም የኔጋቲቩ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ ዝገት ይገባል።

በመልቲሜትር ለካው። ሞተሩ ይነሳ፣ ፋኑም ይዙር። ሳይዞር መለካት ዋጋ የለውም፤ ኤሌክትሪክ ካልፈሰሰ የተበላሸ ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳይሃል። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ፣ 14 አካባቢ ይሆናል። ቀጥሎ ሶኬቱን ሳትነቅል ከኋላው በቀጭን መርፌ ገብተህ በፋኑ ሁለት ሽቦዎች መካከል ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ የሆነ ቦታ እየጠፋብህ ነው።

የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ደግሞ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከፋኑ ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። የሚያሳየው ቁጥር በዚያ መንገድ የጠፋው ነው። ከዚያ ከፋኑ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ እንዲሁ አድርግ። ሽቦህና እጅጌህ ከክንፉ ይራቁ።

የሚያልፈውን አምፔር ማየት ከፈለግህ በተራ መልቲሜትር አትሞክር። አብዛኛው እስከ 10 አምፔር ብቻ ነው የሚችለው፣ ፋን ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ይስባል። የዲሲ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ፈልግ። የመኪናህ ዓይነት ትንሽ ፋን ሲረጋጋ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በጣም ከበለጠ መቀመጫው እየያዘው ነው። በጣም ካነሰና በዝግታ ከዞረ ካርቦኑ አልቋል ወይም ቮልቱ አልደረሰም።

ኮሮላ 90

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያላችሁትን ሁሉ አደረግሁ።

የሙቀት ማብሪያውን ሶኬት ስነቅለው ፋኑ ተነሳ። ወረቀቱ ግን አልለጠፈም፣ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል።

ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት። ፋኑ ላይ 11.6። በፖዘቲቩ በኩል 0.7 ይጠፋል፣ በኔጋቲቩ በኩል 1.6። የማሳው ቡሎን ከራዲያተሩ ጎን አካሉ ላይ የታሰረ ነው። ስፈታው ሥሩ ሙሉ ዝገት ነበር። በአሸዋ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት፣ የሽቦውንም ጫፍ አጸዳሁ፣ መልሼ አጠበቅሁት። አሁን በዚያ በኩል የሚጠፋው 0.1 ብቻ ነው። ፋኑ በግልጽ ፈጠነ፣ ወረቀቱም ለጠፈ።

ሲጢጥታው ግን አለ። ክንፉን ስነቀንቀው ዘንጉ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ሲቀዘቅዝም አሁንም አንዳንዴ አይነሳም። የሶኬቱ ፕላስቲክ አንድ ጎኑ ቡናማ ሆኗል፣ የቀለጠ ይመስላል።

ማሳውን ስላስተካከልኩ በዚሁ ልንዳው ወይስ ይቀየር?

የድሮ መካኒክ

ይቀየር። ማሳው ትልቁን ችግር ነበር የሚፈጥረው፣ እሱን አገኘኸው። ዘንጉ የሚወዛወዝ ሞተር ግን አንድ ቀን በማትፈልገው ቦታ ይቆምብሃል። አሉሚኒየም ቴስታታ ያለው ሞተር አንድ ጊዜ በደንብ ከጋለ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይበላል። ከፋን ሞተር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ራስህ ትቀይረዋለህ። ካንዴላ የፈታ እጅ ይህንን ይፈታል። በእርጋታ ሥራው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የራዲያተር ክዳን በሙቁ አይነካም። ይህን ለልጅ የምነግር አታስመስለው፣ ፊታቸው የተቃጠለ አዋቂዎች አይቻለሁ። ውሃ በባህር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ሲታሰርበት ግን እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን ስትከፍት ያ ግፊት በአንዴ ይጠፋል፣ ውሃውም በአንዴ ይፈላና ወደ ላይ ይተፋል። የላይኛው ቱቦ በእጅህ ጨብጠኸው ለስላሳና ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ክፈት።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ሽቦዎቹ በየት በየት እንደሚያልፉ በስልክህ ፎቶ አንሳ። በኋላ ያ ፎቶ ብዙ ክርክር ያስቀራል። የፋኑን ሶኬት ንቀል፣ ሽቦውን የያዙትን ቅንጥቦች አላቅ። የፕላስቲክ ቅንጥብ ሲያረጅ ይሰበራል፣ ስለዚህ በፒንሳ አትጎትት፣ ከሥሩ ጫን እያልክ አውጣው።

የላይኛው ቱቦ መንገድ ከዘጋብህ ከራዲያተሩ ሥር ባለው መክፈቻ ትንሽ ኩላንት (የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አጉድል። ሁሉንም ማፍሰስ አያስፈልግም፣ ከቱቦው በታች ከወረደ ይበቃል። በንጹሕ ዕቃ ተቀበለው። መሬት ላይ አታፍስሰው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ውሻና ድመት ይልሰዋል፣ ይገድላቸዋል።

የፋኑ ቤት፣ ማለትም ፋኑን ዙሪያውን የከበበው ሽፋን፣ በጥቂት ቡሎኖች ራዲያተሩ ላይ ታስሯል። አብዛኞቹ የ10 ቁልፍ ናቸው። የታችኞቹ ዝገው ሊሆን ይችላል። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀብተህ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ፣ በጉልበት አትሂድበት። የሚበጠሰው ቡሎን ራዲያተሩ ላይ ከተገጠመው ዳዶ ጋር ነው የሚመጣው።

ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ራዲያተሩን የሚያክል ካርቶን ቁረጥና በራዲያተሩና በፋኑ መካከል አስገባ። የራዲያተሩ ቅጠሎች በጣም ስስ ናቸው። የፋኑ ቤት ጫፍ ነካ ካደረጋቸው ይተኛሉ፣ ከሥራቸው ያለውን ቱቦ ከበሳ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ካርቶኑ ካለ ፋኑን ከነቤቱ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ትስባለህ።

ጠረጴዛ ላይ ካደረግኸው በኋላ ክንፉን ከዘንጉ የሚይዘው አንድ ዳዶ ነው። እዚህ ላይ ቆም በል። በአንዳንድ ፋኖች ጥርሱ ግልብጥ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ክንፉ ሲዞር ዳዶውን እንዳይፈታው ነው እንዲህ የተደረገው። ከመታገልህ በፊት በባትሪ መብራት የጥርሱን ዘመም ተመልከት። ክንፉ ሲወጣ ሞተሩን ከቤቱ የያዙት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው።

አሁን ክንፉን ፈትሽ። ሰው ሞተሩን ብቻ ያስባል፣ ክንፉ ግን እኩል አርጅቷል። ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ይደርቃል። ክንፎቹ ከመሀሉ ጋር የሚገናኙበትን ሥር በብርሃን ተመልከት። ነጭ መስመር ወይም ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ካየህ ክንፉንም ቀይር። አንድ ክንፍ ሲገነጠል ቀሪው ሚዛን ያጣል፣ አዲሱን ሞተር በአጭር ጊዜ ያወዛውዘዋል። የተገነጠለው ደግሞ ራዲያተሩን ይወጋል። ሞተር ተነስቶ ፋን ሲዞር በፋኑ አንጻር ፊትህን አታድርግ የምንለው ለዚህ ነው።

አዲሱን ሞተር ከአሮጌው ጎን አስቀምጥና አስተያይ። የዘንጉ ርዝመትና ውፍረት፣ ዘንጉ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጎን፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ፣ የሚዞርበት አቅጣጫ። መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ሁለት ሚሊ ሜትር የረዘመ ዘንግ ክንፉን ወደ ራዲያተሩ ያስጠጋዋል።

ከሌላ መኪና የወጣ አሮጌ ሞተር የምትገዛ ከሆነ ካርቦኑ ምን ያህል እንደቀረው ከውጭ አይታይም። ቢያንስ ነቅንቀው፣ በባትሪ አስነሳው፣ በክላምፕ ሜትር አምፔሩን እይ። አዲስ የምታገኝ ከሆነ ግን አዲሱን ግዛ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ግማሽ ዕድሜው ያለፈ ሞተር አልመርጥም።

ከመግጠምህ በፊት ጠረጴዛው ላይ ሞክረው። ቤቱ በደንብ ይያዝ፣ ሽቦው ላይ ፊውዝ ይኑር። ክንፉ የቤቱን ጠርዝ የትም እንዳይነካ፣ ዙሪያውን ክፍተቱ እኩል እንዲሆን ተመልከት። አየሩ ከራዲያተሩ በኩል ወደ ሞተሩ በኩል መሄድ አለበት። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተቀያየሩ ፋኑ በተቃራኒው ይዞራል። ይዞራል፣ ያነፍሳል፣ መኪናው ግን ከበፊቱ የባሰ ይሞቃል። የወረቀቱን ሙከራ ከገጠምክ በኋላም ድገመው።

የቀለጠውን ሶኬት አትመልሰው። በፖዘቲቩ በኩል የጠፋው 0.7 ቮልት ዋናው ምክንያት እሱ ይመስለኛል። የቀለጠ መዳብ ስፕሪንግነቱን ያጣል፣ አይጨብጥም፣ ይሞቃል፣ አዲሱንም ያቀልጣል። ከነሽቦው ቆርጠህ በአዲስ ተካው። የሽቦው ውፍረት ከነበረው አይነስ።

የፋኑ ቤት ለጌጥ እንዳይመስልህ። አየሩን ከራዲያተሩ ገጽ በሙሉ እንዲስብ የሚያደርገው እሱ ነው። ቤቱ ከሌለ ፋኑ በክንፉ ልክ ካለው ክብ ብቻ ይስባል፣ ማዕዘኖቹ ሞቀው ይቀራሉ። የተሰነጠቀ ከሆነ ጠግነው ወይም ቀይረው። ዙሪያውን ስፖንጅ ካለው ስፖንጁም ይኑር።

ፋኑ ወጥቶ እያለ ራዲያተሩንም እጠበው። ይህን ዕድል ቶሎ አታገኘውም። በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል የሚከማቸውን አቧራ፣ ላባና ነፍሳት ብታየው ትደነግጣለህ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ውሃ። ኃይለኛ ግፊት ቅጠሎቹን ያስተኛቸዋል።

ሁሉም ከገባ በኋላ ኩላንቱን ሙላ። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ። «አገሩ ሞቃት ነው፣ ውኃ አይረጋብኝም» ብለህ ውሃ ብቻ አትጠቀም። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። የካቢኑን ማሞቂያ ሙሉ ሙቅ ላይ አድርግ፣ ውሃው በእሱም እንዲዞርና የታፈነው አየር እንዲወጣ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን አስነሳ። የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ጠብቅ። ያኔ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ጨምርና ክደን።

ከዚያ ሳትነዳው እዚያው ቁም። ፋኑ ራሱ እስኪነሳ ጠብቅ። ተነስቶ፣ ጌጁ ሳይወጣ፣ ራሱ እስኪያጠፋ ተመልከት። ይህ ዙር ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ችግር ከተደጋገመ ኤሲውን ክፈትና እንደገና ተመልከት።

ነጂው

በአክብሮት ልከራከር። እኔ መኪናዬ ላይ ማብሪያ አስገጥሜ ፋኑን ራሴ ነው የማበራው። ትራፊክ ሲኖር አበራለሁ፣ ከሌለ አጠፋለሁ። ችግር አላየሁም። ለምን ይከለከላል?

ሽቦ ወዳጅ

ማብሪያው በራሱ ክፉ አይደለም። የሙቀት ማብሪያውን ሳይነካ ከጎኑ ተጨማሪ ሆኖ፣ በሪሌይ በኩል ከገባ እኔም እገጥመዋለሁ። የምቃወመው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሙሉው የፋኑ አምፔር ዳሽቦርድ ላይ ባለች ትንሽ ማብሪያ ሲያልፍ። ያ ማብሪያ ለመብራት የተሠራ ነው። ይሞቃል፣ ሽቦውም ከዳሽቦርዱ ሥር ይቀልጣል። ሪሌይ ካለ በማብሪያው የሚያልፈው ከአንድ አምፔር ያነሰ ነው። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ደግሞ ትልቅ ፊውዝ አይደረግም፤ የሚስበውን ነገር ፈልግ።

ሁለተኛ፣ የሞተሩ ደኅንነት በአንድ ሰው ትውስታ ላይ ሲንጠለጠል። አንተ ታስታውሳለህ፣ እሺ። መኪናውን የተዋሰው ወንድምህስ? ሌላ ሰው ሲነዳው «ማብሪያውን አትርሳ» የሚለው ማን ነው? 93 ዲግሪ ሲደርስ ራሱ የሚያስነሳ ዕቃ ከፋብሪካው ተገጥሞ መጥቷል። እሱን መጠገን ይቀላል።

ኮሮላ 90

ጋሼ፣ ተሳካ። የዳዶው ጥርስ እንዳሉት ግልብጥ ነበር። ባይነግሩኝ ኖሮ እሰብረው ነበር። አንዱ ክንፍ ሥሩ ላይ ስንጥቅ ስለነበረው ክንፉንም ሞተሩንም ቀየርኩ። ሶኬቱንም። አሁን ፋኑ ላይ 13.6 ቮልት ይደርሳል፣ ባትሪው 13.9 ሆኖ። ኤሲ ተከፍቶ ቆሜ ጌጁ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ የነፋስ ብቻ ነው። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ፒካፕ

ስለገባሁ ይቅርታ። የኔ የናፍጣ ፒካፕ ነው፣ ፋኑ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ከውሃ ፓምፑ ፊት በቺንጋ ይዞራል። ምልክቱ ግን አንድ ነው፣ ሲቆምና ዳገት በዝግታ ሲወጣ ይሞቃል። እኔስ ምን ልይ?

የድሮ መካኒክ

ምን ይቅርታ ያስፈልጋል።

ያንተ ፋን መሀሉ ላይ ከበሮ የመሰለ ዕቃ አለው። እሱ ፍሪሲዮኑ ነው። ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። ፊቱ ላይ የተጠቀለለች ስፕሪንግ ታያለህ። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ስፕሪንጓ ትዞርና ዘይቱን ታስገባለች፣ ፋኑም ይጨብጣል። ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ዘይቱ ካመለጠ አይጨብጥም፣ ፋኑ ሰነፍ ሆኖ ይዞራል።

ሞተሩን አሙቀህ አጥፋው፣ ቁልፉን አውጣ። ፋኑን በእጅህ ስታዞረው ሊታገልህ ይገባል። ብቻውን ብዙ ዙር ከዞረ ሞቷል። ከበሮው ላይ ከመሀል ወደ ዳር የተረጨ፣ አቧራ የያዘ የቅባት መስመር ካየህ ዘይቱ የሄደው በዚያ ነው። የክንፉን ጫፍ ወደ ፊትና ኋላ ነቅንቀው፤ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ልቅነት ችግር የለውም፣ ከዚያ ካለፈ ኩሽኔታው ተበልቷል። ጠዋት ስታስነሳው ለጥቂት ጊዜ ጮኾ ዝም ማለቱ ግን ጤና ነው። በሚዞር ፋን ውስጥ የተጠቀለለ ጋዜጣ አስገብተው የሚሞክሩ አሉ። እባክህ አታድርገው።

ሲፈታ አራቱን ዳዶዎች ቺንጋው እንደታሰረ አላላቸው። ቺንጋውን ቀድመህ ከለቀቅኸው ፑሊው አብሮህ ይዞራል። በአንዳንድ መኪኖች፣ ለምሳሌ በድሮ ቢኤምደብሊው፣ በአራት ዳዶ ፋንታ አንድ ትልቅ ግልብጥ ጥርስ ያለው ዳዶ ነው። አንተ ዘንድ ያለውን መጀመሪያ እይ።

የፓምፑን ዘንግ አብረህ ነቅንቀው። ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የውሃ ምልክት ካለ ፓምፑም በዚያው ይቀየር፣ ምክንያቱም ሥራው አንድ ነው። አዲሱን ፍሪሲዮን እስክትገጥመው ድረስ አታስተኛው። መኪናው ላይ እንደሚቀመጠው አቁመህ አስቀምጠው፤ ተኝቶ ከቆየ ዘይቱ ወደ ኩሽኔታው በኩል ይወጣል። ፈትሸህ ያገኘኸውን እዚህ ጻፍልኝ፣ ፎቶም ካለህ ላክ።